አዲሱ ሲስተም በግልባጭ ክፍል

ኮምፒውተሩ ተከፈተ፤ ግን አልተናገረም።

መትረየስ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ እንዳሳረፈች ጠበቀች። የማሽኑ ማቀዝቀዣ ሲሽከረከር ይሰማታል፤ ከዚያ ውጭ ዝም ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በጉንፋናም ድምፁ የሚቀበላት ሽማግሌ ዛሬ የለም። እንደማይኖር ብታውቅም ደነገጠች። ፊቷ ላይ ግን ምንም እንዳይነበብ ተጠነቀቀች፤ ከጎኗ የተቀመጠችው ባልደረባዋ ባለ ሹራቧ ወደ እሷ ስትዞር ወንበሩ ሲንቋቋ ሰምታለች።

ሽማግሌው ሰው አይደለም። መትረየስ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ዓይኗ አያይም፤ ሽማግሌው ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብላት ፕሮግራም ነው። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። ለእሷ ደግሞ ስም ያወጡላት የግልባጭ ክፍል ባልደረቦቿ ናቸው። የክፍሉ ሥራ በችሎት የተቀዳውን ድምፅ እያዳመጡ ቃል በቃል በጽሑፍ መገልበጥ ነው፤ እሷ ስትጽፍ የጣቶቿ ድምፅ ኮሪደር ድረስ ይሰማል። መጀመሪያ ሰሞን ስሙ አናዷት ነበር። አሁን ስልክ ስታነሳ እንኳ ደረቷን ነፋ አድርጋ "መትረየስ ነኝ" ትላለች።

ዓርብ ዕለት ኃላፊው ቢሮው ጠርቷት ነበር። ቅዳሜና እሁድ የሕንጻው ኮምፒውተሮች በሙሉ ወደ አዲሱ ሲስተም እንደሚቀየሩ ነገራትና ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌው በአዲሱ ላይ አይሠራም፣ ባለሙያዎቹ ሞክረው እምቢ ብሏቸዋል። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ስልክ ክፍል እንድትዛወር ደብዳቤ ተጽፏል፤ ደመወዟ አይነካም፣ ለእሷም ይቀላታል።

"ምኑ ነው የሚቀለኝ?" አለችው።

"ስልክ ማንሳት ነዋ። ቁጭ ብለሽ።"

"አሁንስ ቆሜ ነው እንዴ የምጽፈው?"

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ውለታ የዋለላት መስሎት ነበር፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው። ለምና ሳይሆን ተከራክራ አንድ ቀን አገኘች። ሰኞ አራቱ ገልባጮች ተካፍለው የሚጽፉት የሁለት ወንድማማቾች የቤት ክርክር አለ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳኛዋ ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት። ድርሻዋን በሰዓቱ ካደረሰች ደብዳቤው ይቀራል። ካላደረሰች ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ክፍል ናት።

እሱ ያላወቀው፣ መትረየስ የሲስተሙን ወሬ ከሰማች ወር እንዳለፋት ነው። ሁለት ቅዳሜ ተከታትላ ኮምፒውተር መሸጫ ሱቅ ሄዳለች። ባሏ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። በሲሚንቶ የነጣ ሱሪውን እንደለበሰ ሻጩን ይዞ የእያንዳንዱን ማሽን ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ቅናሽ ይለምናል፤ እሷ በዚያ መሀል በር አጠገብ በተዘረጋው አዲስ ኮምፒውተር ላይ ጣቶቿን ታፍታታለች። በሁለተኛው ቅዳሜ ሻጩ ነቃባቸው። ወንበር አምጥቶ አስቀመጣትና "እህቴ፣ አንቺ የፈለግሽውን ያህል ተለማመጂ፤ ባልሽ ግን ዋጋ መጠየቁን ይተወኝ" አላት። አዲሱ ሲስተም የራሱ አንባቢ እንዳለው፣ ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ እንደሚነቃ ያወቀችው እዚያ ነው።

አሁን ሦስቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች።

ምንም። ከዚያ በማዳመጫዋ ውስጥ አንዲት ሴት፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ማንበቢያው መከፈቱን ነገረቻት። ድምፁ ያምራል፤ የራዲዮ ዜና አንባቢ ይመስላል። ፍጥነቱ ግን የሙሽራ አካሄድ ነው። አንድ ጊዜ ጨመረችለት፣ ደግማ ጨመረችለት፣ ለሌላ ሰው ጆሮ የንብ ድምፅ እስኪመስል ድረስ። "ዜና አንባቢዋ" ብላም ወዲያው ስም አወጣችላት። ቀጥሎ ሽማግሌው ትዝ አላትና ከፋት። የመጀመሪያዋን መዝገብ ያነበበላት እሱ ነበር፤ ዓርብ ስትወጣ ደህና ሁን እንኳ አላለችውም። ብዙ አልቆየችበትም፤ የወንድማማቾቹን ፋይል ከፍታ መጻፍ ጀመረች።

አራት ሰዓት ሲሆን ከመትረየስ ጣቶች ሌላ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የማውስ ጠቅታ ብቻ ነበር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ረጅም እፎይታ አልባ ትንፋሽ። የሚተነፍሰው የክፍሉ አንጋፋ ጋሼ ነው፤ በመጪው ዓመት ጡረታ ይወጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሁሉ ነገር የሚከፈተው ከስክሪኑ ግርጌ በስተግራ ጥግ ነበር፤ እጁ አሁንም ወደዚያው ይሄዳል። አዲሱ ሲስተም ግን መክፈቻውን ወደ መሀል ወስዶታል። ጋሼ ባዶውን ጥግ ሲነካ ቆየ፣ ማሽኑ የሞተ መሰለውና አጠፋው፣ መልሶ ከፈተው። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ባለ ሹራቧ የድምፅ ማጫወቻውን አገኘችውና ወዲያው ጠፋባት፤ በቃል ይጻፍ የነበረው ትእዛዝ ሁሉ በጥቃቅን ሥዕሎች ተተክቶ ምኑ ምን እንደሆነ ግራ ገባት። አራተኛው ገልባጭ ዝምተኛው በስንት ዓመቱ ዛሬ ተናገረ፤ የተናገረው ግን በመዝገብ የሚሰፍር አልነበረም። የኮምፒውተር ባለሙያው ዳኞቹ ፎቅ ላይ ነው። በደወሉለት ቁጥር "መጣሁ" ይላል።

ለመትረየስ ግን ምንም ነገር ቦታውን አልለቀቀም። ጥጉንም መሀሉንም፣ ሥዕሉንም ቀለሙንም ድሮም አታውቀውም። የምታውቀው ቁልፎቹን ነው፤ ቁልፎቹን ደግሞ ማንም አልነካቸውም። ይህ የገባት አምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች።

ስድስት ሰዓት ላይ ድርሻዋን ጨረሰች። ኃላፊው የጠየቃት ይህንን ብቻ ነበር። ቦርሳዋን አነሳች።

ባለፈው ወር ባለ ሹራቧ ኃላፊውን ስትለምን ሰምታታለች፤ በመስኮቱ ሥር ያለውን የመትረየስን ጠረጴዛ ፈልጋ "ለእሷ መስኮት ምን ያደርግላታል?" ነበር ያለችው። ጠዋት ጠዋት በዚያ መስኮት የምትገባው ፀሐይ ጣቶቿን እንደምታሞቅላት መትረየስ ለማንም አላስረዳችም። ዛሬ ታዲያ እነሱ ተራቸውን ይደናበሩ። ይህን እያሰበች በሩ ጋ ደረሰች፤ ደስም ብሏት ነበር።

"ልጄ፣" አለ ጋሼ ከኋላዋ፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ የሚያወራ ያህል፤ "እኔስ ዛሬ ተዋረድኩ።"

መትረየስ ቆመች። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስትቀጠር ክንዷን ይዞ ከደረጃው እስከ ችሎቱ ያስለመዳት፣ የሕጉን ቃላት አንድ በአንድ ያስጠናት ጋሼ ነው። አንድም ቀን ድምፁን እንዲህ ሰምታው አታውቅም። ተመልሳ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ እጅዎን ከማውሱ ላይ ያንሱ።"

"የት ላድርገው?"

"ማውሱን መሳቢያ ውስጥ ይክተቱት። እናንተም እንደዚያው።"

"ያለ ማውስ ደግሞ እንዴት ይሆናል?" አለች ባለ ሹራቧ።

"ዘጠኝ ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሽ እንዴት እንደሚሆን አላየሽም?"

ሦስት መሳቢያ ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ።

መትረየስ ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው እየተዘዋወረች ጣታቸውን በጣቷ እየመራች ቁልፎቹን አስያዘቻቸው። ከታች በስተግራ ሁለተኛዋን ቁልፍ መጫንና የሚፈልጉትን ፕሮግራም ስም መጻፍ ብቻ ነው፤ መክፈቻው መሀል ሆነ ጥግ ሆነ ማን ጉዳዩ ብሎ። ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው መዝለያው ይኸው፣ ድምፁን ማቆሚያው ይኸው፣ ማስቀመጫው ይኸው። ጋሼ ቁልፎቹን እንዳይረሳ በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጻፋቸው። መጀመሪያ አንድ ኪቦርድ ተንቋቋ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ በሙሉ መትረየስ ሆነ። ምሳ የበላ የለም። የጋሼን ድርሻ ግማሽ ራሷ ወስዳ ጻፈችው፤ እሱም እምቢ አላለም።

ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ሲል መዝገቡ ታተመ፤ ዝምተኛው ታቅፎት ደረጃውን በሩጫ ወጣ። ሲመለስ፣ ከላይ ካሉት ሦስት ክፍሎች አንዱም የዛሬ ሥራውን እንዳልጨረሰ ነገራቸው። በዚያ ቀን ሁለተኛ ንግግሩ ነው።

ጋሼ ኮሪደር ወጥቶ ላገኘው ሁሉ ያወራ ጀመር። "ዓይናችን ነው ያሳሳተን፣ እሷ ባትኖር ጉዳችን ፈልቶ ነበር" ሲል ድምፁ በበሩ ገባ። መትረየስ ኩራት ተሰማት። አልደበቀችውም፤ ወንበሯ ላይ ደገፍ ብላ ጋሼ ያለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

ኃላፊው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ዋናው መሥሪያ ቤት የአዲሱን ሲስተም ተጠቃሚዎች የመጀመሪያ ቀን አስተያየት ዛሬውኑ ይፈልጋል አለና ለአራቱም የወረቀት ቅጽ አደለ። መትረየስ ወረቀቱን ዳሰሰችው። ልስልስ ያለ፣ ጥሩ ወረቀት ነው።

"አምጪ፣ እኔ ልሙላልሽ" አለች ባለ ሹራቧ፤ የዛሬው ድምፅዋ ከልቧ ነበር።

መትረየስ አመሰገነቻት፤ ኃላፊውን ግን ቅጹን በኮምፒውተር እንዲልክላት ጠየቀችው። "ውይ" ብሎ ወጣና ላከላት። ሲመለስ በእጁ ሌላ ወረቀት ይዟል፤ ሲንኮሻኮሽ ሰማችው።

"ደብዳቤሽ ነው" አለ። "ይኸው፣ ፊትሽ ልቀደው።"

"አይቅደዱት።"

"ቀረ እኮ። ቃሌ ቃል ነው።"

"አውቃለሁ። ይስጡኝ።"

ግራ እየገባው ሰጣት። እሷም መዳፏ ሥር አድርጋው ወደ ቅጹ ተመለሰች። ዜና አንባቢዋ ጥያቄዎቹን ታነብላታለች፣ እሷ ትመልሳለች። ፍጥነቱ? ጥሩ ነው። ለአጠቃቀም ምቹነቱ? ቁልፎቹን ስላልነካችኋቸው ተመስገን። የገጽታው ውበት? እዚህ ላይ "ሌሎችን ጠይቁ" ብላ ጻፈች። የመጨረሻው ጥያቄ፣ በመጀመሪያው ቀን ያጋጠመዎትን ችግር ይግለጹ፣ ማስረጃ ካለም ያያይዙ ይላል።

ጣቶቿ ቆም አሉ። ኃላፊው ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኑን እያነበበ እንደሆነ ከትንፋሹ ታውቃለች። ከዚያ እንደ ወትሮዋ፣ ኮሪደር ድረስ እስኪሰማ ጻፈችው።

"አንድ የዝውውር ደብዳቤ። ተያይዟል።"

አተመችው። ቅጹንና ደብዳቤውን ጫፍ ለጫፍ አስተካክላ በስቴፕለር መታቻቸውና፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እንዲልክላት ለኃላፊው ዘረጋችለት።