ሸራ ላይ የፈሰሰው ጎመን ዘር

ሎሚ ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ባለ የሰብል ምርምር ጣቢያ የመስክ ሠራተኛ ናት። ያን ዓመት የተሰጣት ሥራ ከየገበሬው ጓሮ የተሰበሰቡ ሠላሳ ስድስት ዓይነት ጎመን ዘሮችን ጎን ለጎን ዘርቶ ማወዳደር ነበር፤ የትኛው ቶሎ ያብባል፣ የትኛው ብዙ ፍሬ ይሰጣል። መስከረም ላይ ማሳው ክሽክሽ ወረደበት። ቅጠል ገልጣ በቆጠረች ቁጥር አመድማው ተባይ ጣቷ ላይ እየፈረጠ ይጣበቃል፤ ሽታው ምሳዋ ድረስ ይከተላታል። ቢሆንም አልተወችውም። በተለይ ሰባተኛው ዓይነት አስገረማት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ኡኬ ከሰፈሩት ከእማማ ሲቲ የተገኘ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ምርቱም መካከለኛ፤ ክሽክሽ ግን ዝር አላለበትም።

ኅዳር ላይ አጭዳ፣ ወቅታ፣ የየዓይነቱን ፍሬ ቁጥር በተጻፈበት ከረጢት ለየብቻ አስቀመጠች። የቀራት መመዘን ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስትገባ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ሥሩ በተዘረጋው ሸራ ላይ ጎመን ዘር ተከምሯል፤ ቢጫው፣ ቡናማው፣ ጥቁሩ ተደባልቆ። ባዶ ከረጢቶቹ አጥሩ ጥግ ተጥለዋል። የመጋዘኑ ጠባቂ ዋቅወያ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«ማለን ጎዳ፣ ሎሚ? ምን ላድርግ? አፍስስ አሉኝ፣ አፈሰስኩ።»

ያዘዘው የጣቢያው ኃላፊ ታዲዮስ ነው። ትልቅ እንግዳ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል።

«በየከረጢቱ ሲሆን ምርት አይመስልም» አላት ከረባቱን እያስተካከለ። «ጎመን ዘር ያው ጎመን ዘር ነው። ክብደቱን ከአምናው እያየሽ ሙዪው።»

«አምና እኮ እነዚህ አልተዘሩም፣ አቶ ታዲዮስ!»

«ማን ሊያውቅ?»

እንግዳው መጣ። ቀለበት ባጠለቀ እጁ ክምሩን እየዛቀ ሲያፈስ ካሜራው ቀጭ ቀጭ አለ። ቀጥሎ ጥሬ ሥጋው ቀረበ። የሥጋ ጮማ በነካው እጅ ሲጨበጨብ ስታይ ሎሚ ከድንኳኑ ወጣች። አጥሩ ጥግ ሄዳ ተፋች። ከዚህስ ክሽክሹ ይሻላል አለች በልቧ።

በማግስቱ ኡኬ ሄዳ ለእማማ ሲቲ ነገረቻቸው።

«ሁሉንም ደባለቁት?»

«ሁሉንም።»

«አስተግፊሩላህ! ጤነኛ ሰው ዘር ይደባልቃል?» ፊታቸውን አኮማተሩ። «ለምጣድ ማሰሻ ያስቀመጥኩት አለኝ፤ እሰጥሻለሁ፣ ልጄ። እዚያ መሥሪያ ቤታችሁ ግን ድርሽ እንዳይል። እዚሁ ጓሮዬ ትዘሪዋለሽ።»

ጥር ላይ ሪፖርቱ ተዘጋጀ። እሷ ያልመዘነችው የሠላሳ ስድስቱም ክብደት በሰንጠረዥ ተደርድሯል፤ ሰባተኛው «በክሽክሽ የተጎዳ» ተብሏል። ከታዲዮስ ስም ቀጥሎ የሎሚ ስም ሰፍሯል። ቢሮው ገብታ ስሜን ያውጡልኝ አለችው።

«አብደሻል? ሰው ለዚህ ይለምናል!» ብሎ ሳቀ።

እስክሪብቶውን ከፊቱ አንስታ ሪፖርቱ ላይ ስሟን ራሷ ሰረዘችው። ወጥታም ቧንቧው ሥር እጇን ሁለቴ ታጠበች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘሩን ፍለጋ በየገበሬው ደጅ ትዞር ጀመር። ሰኔ እስኪገባ ከሠላሳ ስድስቱ አሥራ አንዱን ዓይነት መልሳ አገኘች። የቀሩትን ግን የሰጧት ሰዎች ራሳቸው ጨርሰዋቸው ነበር።