ገበሩ ላይ የቀረው እጅ

አትጠገብ የሻወር መጋረጃዋን በየአስራ አምስት ቀኑ ታጥባለች፤ ሙሉውን ግን አታጥብም። ባሕርና ዓሣ የተሣለበትን የውጪውን ጨርቅ በዱቄት ሳሙና አሽታ ታሰጣዋለች። የውስጡን ስስ ፕላስቲክ፣ ገበሩን፣ ከላይም ከታችም ትወለውላለች። ግድግዳው ዳር፣ ትከሻዋ ትክክል ላይ ስትደርስ ግን እጇን ትሰበስባለች። እዚያ ላይ የሰው እጅ ታትሟል፤ አምስት ጣት ከነመዳፉ፣ ደብዝዞ ቡናማ ሆኖ። የባሏ የቀናው እጅ ነው።

ቀናው ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። መጋረጃውን አይሻ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ ገዝቶ አምጥቶ፣ "ባሕር ይዤልሽ መጣሁ" ብሎ ሰቀለላት። በመጨረሻው ዓመት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው አትጠገብ ገላውን ታጥበው ነበር። ከዚያ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ እግሩን በሰሊጥ ዘይት አሽታ፣ ደግፋ ታነሣዋለች። ሲነሣ በመጋረጃው ላይ ግድግዳውን ይደገፍ ነበር፤ እሷ የምታስታውሰው እንዲህ ነው። ዘይቱ ላይ የጅጅጋ አቧራ ተለጠፈበት፣ እጁም እዚያው ቀረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ፕላስቲክ ተረስቶ ነው እንጂ ሦስተኛ ይሆን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በትንሿ መስኮት ሲገባ መጋረጃው በቀስታ ይነፋል፣ መልሶ ይሟሽሻል። አትጠገብ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ፀሐይዋ ሰማያዊውን ጨርቅ አልፋ ስትገባ ቤቱ እስከ ጣሪያው ውሃ የሞላ ይመስላታል፤ ዓሣዎቹ ይሄዳሉ፣ እጁ ከወዲያ በኩል ይቆማል። "ውሃው ቀዘቀዘብህ?" ትለዋለች። እዚያው ሸለብ ሲያደርጋት ባቡር በባሕሩ ውስጥ ያልፋል፤ ቀናው ሸሚዙ እንኳ ሳይረጥብ በመስኮቱ ይስቅላታል። አንድም ቀን ግን እጁን ነክታው አታውቅም። ከነካችው የሚጠፋ ይመስላታል።

ሰኞ ዕለት ልጇ ማህደር ከአይሻ ደወለች። ከወለደች ሁለት ወር ሆኗታል።

"እማዬ፣ ሙቀቱ ለልጁ አልሆነም። ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ።"

አትጠገብ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

"ግን ያን ፕላስቲክ አጽጂው፣ አለዚያ ጣይው። ባለፈው በሻጋታው አስሜ ተነሥቶ እንዴት እንደሆንኩ አይተሻል። ካልሆነ ሆቴል ነው የማርፈው። ልጁን እዚያ አላስገባውም።"

እልልታው ቀረ። ማህደር እውነቷን ነው። ሳይታጠብ በኖረው ቦታ፣ በእጁ ዙሪያ፣ ጥቁር ሻጋታ ተሰብስቧል። የልጅ ልጇን ገና አላየችውም። አትጠገብ ሦስት ቀን ሙሉ አንዴ መጋረጃውን፣ አንዴ ስልኳ ላይ የተላከላትን የሕፃኑን ፎቶ ስታይ ከረመች።

ሐሙስ የውሃ ቦቴው መጥቶ ሮቶው ሲሞላ አትጠገብ እንድታግዛት የጠራቻት ጎረቤቷ ደሃቦ ሳፋ ይዛ ገባች። ደሃቦ አስር ዓመት ፔንሲዮን ውስጥ ክፍል ያጸዳች ናት።

"አባዮ፣ እህቴ፣ የፈላ ውሃ አታድርጊበት፣ ይኮማተራል። በረኪናም አያስፈልግም። ለብ ያለ ውሃ ላይ አቼቶ ጨምረሽ ዘፍዝፊው፤ የጨውማ ውሃችንን ነጭ ቅርፊት እሱ ነው የሚያነሣው። ከዚያ በሶዳ እሺው፣ ጥላ ላይ አስጪው።" ዓይኗ እጁ ላይ ሲያርፍ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔ ግን አላወርደውም፣ ዋላሂ። አንቺው አውርጂው።"

አትጠገብ በርጩማው ላይ ወጣች። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ፈታች። የመጨረሻው ግድግዳው ጥግ ዝጎ አልላቀቅ አላት፤ ወርዳ ከታች ተንጠራራች፣ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ሰደደች፣ እንዳትወድቅ በግራዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

ግራ እጇ የት እንዳረፈ ያየችው ከቆየች በኋላ ነው።

መዳፏ መዳፉ ላይ ነበር። ጣቶቿ በጣቶቹ ልክ ነበሩ። ልጅ ሳለች ተሰብራ ወደ ውጪ ተጣማ የዳነችው ትንሿ ጣቷ እንኳ ቦታዋን አገኘች፤ ምልክቱም ላይ ትንሿ ጣት ወደ ውጪ ተጣማለች። የቀናው ጣቶች ደግሞ ቀጥ ያሉ ነበሩ።

ዘይቱስ በማን እጅ ላይ ነበር? እግሩን ያሸችው እሷ!

"አባዮ? ምን ሆንሽ?" አለች ደሃቦ።

"የእኔ ነው" አለች አትጠገብ። "ሁለት ዓመት የጠበቅሁት የራሴን እጅ ነው።"

ደሃቦ መጥታ አየች፤ ሳቅም ልቅሶም ያዛት። "የእሱስ ታዲያ የት ነበር?"

አትጠገብ ዓይኗን ጨፈነች። በቀኟ ወገቡን አቅፋ፣ በግራዋ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቀስ፣ ቀስ... ደህና የነበረችው እጁ በአንገቷ ዞራ ስትመጣ ክብደቷ ተሰማት። ቀኝ እጇን አንሥታ ግራ ትከሻዋን ያዘች።

"እዚህ" አለች፣ እንባዋ እየወረደ። "እኔን ነበር የያዘው።"

ከዚያ ገበሩን ሳፋው ውስጥ ዘፈዘፈችው።

ቅዳሜ ማህደር መታጠቢያ ቤቱን ከፍታ በረጅሙ ተነፈሰች፤ አላሳላትም። ልጁን ለእናቷ ሰጠቻት። አትጠገብ ተቀብላ ግራ ትከሻዋ ላይ አስተኛችው።