የግራኙ ባንጆ ዜማ

አክስት ሉቬኒያ ክራውደር በራችንን ያንኳኩት በ1907፣ የሴንት ሉዊስ ሙቀት ገና ሰው ማንገላታት ሲጀምር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በሰፈራችን ሁሉም ሰው አክስት ሉቬኒያ ይላቸዋል፤ የማንም አክስት ግን አልነበሩም። የታጠበ አንሶላ የተቆለለበትን ጋሪያቸውን ደረጃው ሥር አቁመው ወጡና፣

"ዘፈን ወረቀት ላይ ታሰፍራለች የሚሉሽ አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ፤ ይግቡ።"

"አንድ ዘፈን አለኝ። እጅ ግን የለኝም።" መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ ያጠበ እጅ ነው፤ መገጣጠሚያው አብጦ ጣቶቹ አልታጠፍ ብለዋል።

እኔ ሊዮንቲን ዱቬይ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የጎረቤት ልጆችን ፒያኖ አስተምራለሁ፤ እሁድ እሁድ አባቴ ዲያቆን በሆነበት ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን እጫወታለሁ። ኖታ ለማያውቁ ሰዎች ደግሞ የሚያንጎራጉሩትን እየሰማሁ እጽፍላቸዋለሁ። አብዛኛው መዝሙር ነው። ራግታይም የሚሉትን የጭፈራ ሙዚቃ ግን ጽፌ አላውቅም ነበር። አባቴ "የመጠጥ ቤት ቡትቶ" ይለዋል፤ ስሙም ቢሆን ከቡትቶ ብዙ አይርቅም፤ "ራግ" በእንግሊዝኛ ቡትቶ ነውና።

አክስት ሉቬኒያ ፒያኖውን አልነኩትም። ወንበር ላይ ተቀምጠው በቀኝ እግራቸው ወለሉን መምታት ጀመሩ፤ በግራ እጃቸው ጭናቸውን ጠበጠቡ፤ ከዚያ በላይ ዜማውን አንጎራጎሩ። ሦስት ሰው አብሮ የገባ መሰለኝ። እኔም ስጽፍ ቆየሁና የጻፍኩትን ተጫወትኩላቸው።

እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ታጥቦ፣ አሚዶ ተነክሮ፣ ተተኩሷል። እኔ ያመጣሁልሽ እንዲህ አልነበረም" አሉኝ።

"የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?"

"ድምፁ ሁሉ ልክ ነው። ግን ሞቷል።"

በሚቀጥለው ማክሰኞ መጡ፤ አሁንም ገደልኩት። ቆጥራ የማታበቃ፣ በጀርመናዊ መምህር ተቀጥቅጣ ያደገች ልጅ ነበርኩና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልኩ እያንዳንዱን ድምፅ ሥፍራው አስቀምጠዋለሁ። በሦስተኛው ማክሰኞ አክስት ሉቬኒያ ተነሥተው ከፒያኖው አስነሡኝ። ወለሉ መካከል አቁመው፣ "እግርሽን ምቺ፤ አታቁሚ። አሁን ከኔ ጋር አንጎራጉሪ። እግርሽ ሲመጣ አትጠብቂው፤ ቀድመሽው ሂጂ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ይለፍሽና ኋላ ድረሺበት" አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዜማው እግር ወለሉን በሚነካበት ቅጽበት አይመጣም። ከሁለት ምት መካከል ሾልኮ ይገባል፤ ግራ እጅ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወረቀቱ እስኪበሳ ፍቄ እንደገና ጻፍኩት። ስጫወትላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና "አሁን እሱ ነው" አሉ።

"እሱ ማን ነው?"

"ባሌ ነዋ። ሳይለስ።"

ሳይለስ ክራውደር በወንዝ መርከብ ላይ ጭነት ያወርድ ነበር፤ ማታ ማታ ለመንገደኞች ባንጆ፣ ያንን ክራር መሰል መሣሪያ፣ ይጫወታል። ከአሥር ዓመት በፊት ወደ ቪክስበርግ ሲወርድ የወባ ዓይነት ንዳድ ይዞት እዚያው ሞተ፤ እዚያው ቀበሩት። አክስት ሉቬኒያ መቃብሩን አይተውት አያውቁም። የቀራቸው ይህ በሁለት ክፍል የተሠራ ዜማ ብቻ ነበር፤ እሱም ጭንቅላታቸው ውስጥ።

"ታዲያ አሥር ዓመት ዝም ብለው አሁን ለምን ማስጻፍ ፈለጉ?" አልኳቸው።

 "ቼስትነት መንገድ ላይ አንሶላ ላደርስ ስሄድ ሰማሁት" አሉ። "ቀን ነው፤ የመጠጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው። አንድ ሰው በፒያኖ ይጫወተዋል። ያውም ሁለቱን ክፍል ብቻ አይደለም። ሳይለስ ያልተጫወተልኝ ሦስተኛ ክፍል አለው። እንዳልገባ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፤ እንዳልሄድ እግሬ እምቢ አለኝ። ስወስን ሰውየው ጨርሶ ሄዷል። መጀመሪያ የኔን ላስጽፍ፣ ከዚያ እፈልገዋለሁ አልኩ። አለዚያ የሱ ከኔ ጋር ይደባለቅብኛል።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ቪክስበርግ የሞተ ሰው ዜማ ሴንት ሉዊስ ፒያኖ ላይ እንዴት ወጣ? ሦስተኛውን ክፍልስ ማን ሠራው? ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅሁ፣ በረዶ የሚያዞረውን ጠየቅሁ፤ ሁሉም አንድ ስም ነገሩኝ፦ አምብሮዝ ቲለሪ። የዲያቆን ልጅ መጠጥ ቤት ገባች ከሚባል ብዬ ታገሥኩ። ደግነቱ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ አንድ የዕድር ማኅበር ከከተማ ወጣ ብሎ የሽርሽር ቀን አዘጋጅቶ ነበርና ሙዚቃውን የሚመራው እሱ መሆኑን ሰማን፤ ከአክስት ሉቬኒያ ጋር አብረን ሄድን።

ፒያኖውን ጋሪ ላይ ጭነው ከዛፍ ሥር አቁመውታል። ሰው የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ይዞ ቆሟል። አምብሮዝ ቲለሪ ሠላሳ የማይሞላው፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ የገፋ ሰው ነው። ለእረፍት ሲወርድ ጠብቄ ጠጋ አልኩና "ሚስተር ቲለሪ፣ እዚህ ያሉት እናት የባላቸውን ዜማ ስትጫወት ሰምተውሃል" አልኩት።

ሳቀ። "ሚስ፣ እዚህ ከተማ ዘፈን በነካሁ ቁጥር አንድ ሰው ይነሣና 'ያ የአጎቴ ነው' ይለኛል። አጎቶቻችሁ ሥራ አልነበራቸውም እንዴ?"

ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ ሳቁ ቀነሰ።

"ይሄን ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

"አሳታሚ ነው የላከሽ?"

"ማንም አልላከኝም። ከየት እንዳመጣኸው ማወቅ ፈልጌ ነው።"

"ለምን?"

"ስለማላውቅ።"

እንዲህ ዓይነት መልስ የጠበቀ አልመሰለኝም። "ከአንድ ሽማግሌ ተማርኩት፤ ሞቷል፤ ዜማው አሁን የኔ ነው" ብሎ ወረቀቱን ሊመልስልኝ ሲል አክስት ሉቬኒያ ከኋላዬ "አንተ ልጅ" አሉት። "ያ ሽማግሌ ባንጆውን እንዴት ነበር የሚይዘው?"

አምብሮዝ ዞሮ አያቸው። ባርኔጣውን አወለቀ።

"ገልብጦ" አለ። "ግራኝ ነበር። ባንጆው የራሱ ስላልነበረ ክሮቹን ሳይቀይር እንዲሁ ገልብጦ ነበር የሚመታው። ስሙን እንኳ አላውቅም፤ መርከቡ ላይ ሁላችንም ግራኙ ነበር የምንለው።"

"ሳይለስ ነው ስሙ" አሉት። "እስኪ ንገረኝ።"

ነገራቸው። አምብሮዝ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ መርከቡ ላይ ሳህን ያመላልሳል። ከሜምፊስ በታች በሽታ ገባ ተብሎ ወደቦቹ መርከቧን እየመለሱ ወንዙ ላይ ብዙ ቀን ቆሙ። ግራኙ የጥጥ እስሮች ላይ ተኝቶ ነበር፤ ትኩሳቱ ሲለቀው ባንጆ ይጠይቃል። አምብሮዝ በየቀኑ ውሃ ሲያቀብለው ግራኙ ዜማውን በጣቱ ያስጠናዋል። ሦስተኛውን ክፍል እዚያው ነው የሠራው፤ አንድ ቀን ጥቂት፣ በማግስቱ ጥቂት።

"ከየት አመጣኸው ስለው 'እንጆሪ ከምትሸጥ ሴት' አለኝ" አለ አምብሮዝ። "እኔ በየወደቡ እንደሚኖረው ዓይነት ወዳጅ ነው የመሰለኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

 "ተጫወተው" አሉት አክስት ሉቬኒያ።

ጋሪው ላይ ወጣ። ሁለቱን ክፍል አልፎ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁ ከላይ ጀምሮ ሦስት ደረጃ ወረደ፤ አንዱ ድምፅ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ተንከባልሎ ታች ደረሰ። አክስት ሉቬኒያ ከሥር በቀጭን ድምፅ አብረውት ወረዱ፦ "እን—ጆሪ፣ ጤዛው ያልለቀቀው እን—ጆሪ።"

አምብሮዝ እጁን አነሣ።

"ልጃገረድ ሆኜ፣ ልብስ ማጠብ ሳልጀምር፣ በቅርጫት እየዞርኩ የምጠራው ነው" አሉ፤ ለእሱም ለእኔም ሳይሆን እንዲሁ። "በነሳይለስ መንገድ ሳልፍ መስኮት ከፍቶ ያሾፍብኝ ነበር። ድምፄን እያስመሰለ። ምን ያህል እንደጠላሁት ብታዩ።"

እኔ አለቅሳለሁ ብዬ ፈራሁ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም። "ድገመው፤ ቀስ በል፤ ልጅቷ ትጽፋለች" አሉት።

የሽርሽሩ ፕሮግራም የታተመበትን ወረቀት ገልብጬ ጻፍኩ። ብዙም ሳንሄድ ተጣላን። አምብሮዝ ግራ እጁን እያዘለለ ባንጆ የማይደርስበት ድምፅ ያወጣል። "ይሄ ሳይለስ ውስጥ የለም" አሉት። "ፒያኖ ውስጥ ግን አለ፤ ካለ ለምን እተወዋለሁ?" አላቸው። የቱን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። እውነተኛው የትኛው ነው? ሰውየው መርከብ ላይ የመታው ወይስ ልጁ ይዞት የመጣው? አክስት ሉቬኒያ ጥቂት አሰቡና፣ "የሱን በትልቁ ጻፊ፤ የዚህን ከሥር በትንሹ" አሉኝ። አምብሮዝ "በትንሹ" የሚለው ከንክኖት እስኪመሽ ሲያጉረመርም ዋለ።

በመከር ወደ አንድ አሳታሚ ወሰድነው። ሰውየው ወደደው፤ ግን ሦስተኛው ክፍል ይቅር፣ የሞተ ሰው ስምም አይሸጥም፣ ቲለሪ ተብሎ ይውጣ አለ። እውነቱን ለመናገር አምብሮዝ እሺ ይላል ብዬ ነበር። ያንን ዜማ ዓመታት የኔ ነው ሲል የኖረ ሰው ነው። እሱ ግን ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ አጠፈና "የሳይለስ ክራውደር ስም ከሌለበት አይሆንም" ብሎ ወጣ። መንገድ ላይ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት። "አንቺ ደግሞ ሁሉን ካልጠየቅሽ አይሆንልሽም" አለኝ። 

ስለዚህ ዜማው አልታተመም። አምብሮዝ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቺካጎ ሄደ፤ እዚያም እንደሚጫወተው በደብዳቤ ነገረኝ፤ ከዚያ ደብዳቤው ተቋረጠ። ከብዙ ዓመት በኋላ በባቡር ጣቢያ ሻንጣ የሚሸከም አንድ ሰው ሦስተኛውን ክፍል ሲያፏጭ ሰማሁት። ፍጥነቱ ተለውጧል፤ መሐሉ ላይ እኔ የማላውቀው የዜማ ማጠፊያ ተጨምሮበታል። ባቡሬን አሳልፌ ከየት እንደተማረው ጠየቅሁት። ዲትሮይት አንድ ጥሩምባ ነፊ ሲጫወተው ሰማሁ አለኝ፤ ነፊው ከማን እንዳገኘው አያውቅም። ስለ ሳይለስና ስለ አክስት ሉቬኒያ ስነግረው ሻንጣውን አውርዶ ሰማኝ።

አክስት ሉቬኒያ ማክሰኞ መምጣታቸውን አላቋረጡም። አሳታሚው ጋ ከሄድንበት መከር በኋላ፣ የብርዱን ወራት ሙሉ፣ የዜማውን ግራ እጅ በፒያኖ አስተማርኳቸው፤ ዝላዩን ሳይሆን ባንጆው የሚችለውን። ጣታቸው ስለማይታጠፍ በመዳፋቸው ጠርዝ ነበር የሚመቱት፤ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ግን አይስትም። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ቀኙን እጫወታለሁ። አባቴ ጋዜጣውን ይዞ ሌላ ክፍል ይገባል፤ በሩን ግን አይዘጋውም። አክስት ሉቬኒያ ሳያዩኝ "ሊዮንቲን፣ አትሩጪብኝ" ይሉኛል፤ እኔም እግሬን ወለሉ ላይ አሳርፌ እጠብቃቸዋለሁ።