የአባቴ ሁለት ዕድሜ

ዓርብ ጥቅምት 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ቡታጅራ በሚገኘው የእንጨት ሥራ ቤታችን ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ አባቴ ተሰማ፣ ከጁምዓ በቀጥታ የመጡት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ሀቢቡ፣ እማማ አሰፋሽ እና እኔ፣ ቃለአብ። አባቴ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት ተጋድሟል። ወገቡ መቀመጥ ከከለከለው ሁለት ወር አልፎታል።

የተሰበሰብነው ለዕድሜው ነው።

አዲስ አበባ ያየው የደም ሐኪም በሽታው መልቲፕል ማይሎማ የሚባል የመቅኔ ካንሰር መሆኑን ነግሮን ነበር። መቅኔው ተቀድቶ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ አስቀመጠኝ።

"ክሮሞዞም በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለ የዘር ክር ነው" አለኝ። "በአባትህ የታመሙ ሕዋሳት ውስጥ ከዐሥራ ሰባተኛው ክር ቁራጭ ጎድሏል። እንዲህ ያለውን በሽታ የተለመደው መድኃኒት ብዙ አይዘውም። ዕድሜው ቢፈቅድ ሕንድ ሄዶ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ይሞከርለት ነበር። ሕመምተኛ የሚልክ ማኅበር አለ፤ ግን ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ አይቀበልም።"

"አባቴ እኮ ሃምሳ አምስት ነው።"

የአባቴን መታወቂያ ወደ እኔ አዞረው። ሰባ አራት ይላል።

ቤት ገብቼ አባቴን ጠየቅሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"በሰባ ስድስት ለብሔራዊ ውትድርና ሲመዘግቡን ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጺሜን ሁለት ወር አሳደግሁ፤ ምርኩዝ ይዤ ቀረብሁ። መዝጋቢው የማውቀው ሰው ነው፤ አርባ አምስት ብሎ ጻፈልኝ።"

"ለጎረቤትስ ምን አልክ?"

"ወገቤን ያመኛል አልኩ።"

ዕድሜውን ለማሳረም ሲወለድ ያየ ሰው መመስከር ነበረበት። በሕይወት ያሉት እማማ አሰፋሽ ብቻ ናቸው። ባልቻ የሚባል ልጃቸውን የወለዱት አባቴ በተወለደ በዚያው ሳምንት ነው። አያቴ ታማ ስለነበር ሁለቱንም አጥብተዋል። አባቴ እስከዚያ ቀን ድረስ "አዶት" ነበር የሚላቸው፤ በጉራጊኛ እናት ማለት ነው። ባልቻ ዘምቶ አልተመለሰም። በቤታችን ስሙ ብዙ አይነሣም።

"በስህተት ተመዝግቧል ብለህ ብቻ ጻፍ" ብሎኝ ነበር አባቴ። ቅጹ ግን መቼ እንደተመዘገበ ይጠይቃል። ክፍት ቦታ መተው አልወድም።

እማማ አሰፋሽ እንደገቡ የአባቴን ራስ ዳበሱ።

"ይሄ ሽበታም የኔ ልጅ ነው! ባልቻ በግራ፣ እሱ በቀኝ። ቀኙን አድርቆብኝ ነበር።"

"ስግብግብነቱ ከዚያ ነው የጀመረው በሉኛ!" አሉ ጋሽ ሀቢቡ። "ለእኔ ቁም ሣጥን ሠርቶ መሳቢያውን አስቀርቶብኛል። ይኸው ዐሥር ዓመት፣ ካልሲ ማስቀመጫ የለኝም።"

አባቴ ጎኑን ይዞ ሳቀ።

የእማማ አሰፋሽን አውራ ጣት ቀለም አስነካሁ። ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀቱ ሳይነበብለት አይፈርምምና ማንበብ ጀመርሁ። "...በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ፣ ዕድሜው ሃያ ስድስት ሆኖ ሳለ አርባ አምስት ተብሎ በስህተት ስለተጻፈ..."

ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

"ድገመው።"

ደገምሁት።

"ሰባ ስድስት" አሉ። "ባልቻ የሄደበት።"

"አዶት..." አለ አባቴ።

"ወገቤን ነው ብለኸኝ አልነበር? ቅቤ አቅልጬ አሽቼህ አልነበር?"

አባቴ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ።

"ከቀበሌያችን ዐሥር ሰው ነበር የሚፈለገው። ባልቻ በዝርዝሩ ዐሥራ አንደኛ ሆነ፤ ልጄ ተረፈልኝ ብዬ አመሰገንሁ። በማግስቱ መጥተው ከገበያ ወሰዱት። 'አንድ ሰው ጎድሎብናል' አሉኝ። ማን እንደጎደለ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።"

"እትዬ አሰፋሽ" አሉ ጋሽ ሀቢቡ፣ "ሰውየው እየሞተ ነው። አላህ እንኳን ይቅር ይላል።"

"እኔ አላህ ነኝ እንዴ ሀቢቡ?"

ጎንበስ ብለው ከመሬት ሰጋቱራ ዘገኑና ቀለሙ እስኪለቅ ጣታቸውን አሹት።

"አርባ አምስት ነኝ ካልክ ነህ" አሉት አባቴን። "እንግዲህ ዛሬ ሰባ አራት ነህ። ሰባ አራት ዓመት የኖረ ሰው ምን ቀረው? በሃያ ስድስቱ የቀረው የኔ ልጅ ነው።"

ወደ በሩ ሲያመሩ መንገድ ልዘጋባቸው ተነሣሁ።

"ተዋቸው" አለኝ አባቴ። ከሄዱ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ "ዓመቱን ለምን ጻፍከው?" ሲል ጠየቀኝ።

"ቦታው ክፍት ነበር" አልሁት።

ሌላ ምስክር አልተገኘም፤ ማመልከቻውም አልገባም። አባቴ የካቲት 21 ቀን ሞተ። የእድሩ ጸሐፊ በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ከመታወቂያው ገልብጦ አነበበ፤ "በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው" አለ። እማማ አሰፋሽ ከፊት ተቀምጠው ነበር።