ሊቀመንበሩ በአሥራ አራት ቤት

እኔ የፓርቲያችን ሊቀመንበር ሾፌር ነበርኩ። ለትምህርት ቤት የተገዛው ቆርቆሮ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከመጋዘን ጠፋና እሳቸው ተጠረጠሩ። መርማሪዋ ቢሯችን ስትመጣ አባላቱ ታማኝነታቸውን ለማሳየት ተሽቀዳደሙ።

«በዚያ ሰዓት እኔ ቤት ነበሩ» አለ ጸሐፊው።

«ኧረ እኔ ቤት! ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው!» አለች የሴቶች ተጠሪዋ።

ሌሎቹም ሳይመካከሩ እንዲሁ «እኔ ቤት» ሲሉ ሊቀመንበሩ በተመሳሳይ ሰዓት አሥራ አራት ቤት ተገኙ። መላእክትም ይህን ያህል አይፈጥኑም።

መርማሪዋ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜ፣ የነዳኸው አንተ ነህ። የትኛው ቤት አደረስካቸው?»

«ዋ! ነገ ሥራ የለህም» አለኝ ጸሐፊው በጆሮዬ።

ዓሣ ዛፍ ሲወጣ አየሁ ብዬ መንደር ያሳመንኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን እውነት ብናገር ምን እንደሚመጣ ማየት አጓጓኝ።

«እህቴ፣ ከአሥራ አራቱ አንዱም ቤት አልሄድንም። እሳቸው ግቢ ቆርቆሮ ስናወርድ ዋልን» አልኳት።

«ይሄ ውሸታም!» ብለው ሁሉም ጮኹ። በአንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

መርማሪዋ ግን ብድግ አለች። «ግቢውን አሳየኝ።»

የመኪናውን ቁልፍ ለጸሐፊው አስረከብኩና በእግር መራኋት።