ለሌላ ሰው የማይሆን ጨርቅ

«ይህማ መግነዝ አይሆንም» አለ ታልሱ፣ ጨርቁን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ መስኮቱ እያዞረ። «እህቴ ይህን ለብሳ አባቶቻችን ፊት አትቀርብም። እዩት እስቲ፣ ወንፊት እኮ ነው!»

የእህቱ ልጅ ጉምሂ ጨርቁን ከእጁ ተቀበለችው። ከትናንት ጀምሮ አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ተዘግቷል። እናቷ ማክሱን ከመጋረጃው ወዲያ ተጋድማለች። ለቀስተኛው ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ትኩስ የሥጋ ሾርባ ይጠጣል፣ ካርታ ይጫወታል። በሶልጎል መንደር ሐዘን ቤት ጭር ካለ ሟች ይከፋዋል ስለሚባል፣ ቁማርተኛውን ዝም በል የሚል የለም። አስከሬኑ የሚገነዘው ከቀትር በኋላ ነው። ማክሱን ምን ለብሳ እንደምትሄድ ግን ገና አልተቆረጠም።

ነገሩ ያሳፍራል። የመንደሩን ሙታን ሁሉ ያለበሰችው እሷ ነበረች። ለራሷ ሸምና ያስቀመጠችውንም አንዱ ድንገት በሞተ ቁጥር «እኔ ገና ነኝ፣ ውሰዱት» እያለች ስትሰጥ ኖራለች። በመጨረሻ የቀረው ይህ ብቻ ነው፤ ወጣ ገባ ያለ፣ ቋጠሮ የበዛበት፣ እንደ ሶልጎል መግነዝ ሁሉ በልብስ መልክ የተሰፋ፣ ግን አንድ እጅጌ የቀረው።

«ከከተማ ያማረ አስመጥቻለሁ» አለ ታልሱ። «መግነዝ ሲሰፋ እኮ የክሩ ጫፍ እንኳ አይቋጠርም፤ ከተቋጠረ ሙት መንገድ ላይ ይያዛል። ይሄ ደግሞ ቋጠሮ በቋጠሮ!»

«ለፍታበታለች፣ አጎቴ። አሟት እንኳ አልተወችውም።»

«ልፋት! ስለ ልፋት እናትሽ ምን ትል እንደነበር ረሳሽው?»

እንዴት ትረሳለች። ገና ልጅ ሳለች ነው። ያኔ የሶልጎል ሴቶች ልብስ የሚሸመንበትን ቃጫ በጥርሳቸው ሰንጥቀው፣ ጫፍና ጫፉን በምራቅ አርሰው፣ ባዶ ጉልበታቸው ላይ እያሹ ያገናኙት ነበር። ጉምሂ ግራኝ ናት። የምታሸው ክር ወደ ተቃራኒ እየዞረ ይፈታባታል። ጉልበቷ እስኪደማ ታገለችና ሲያቅታት ተደብቃ ትቋጥረው ጀመር። ክረምቱን ሙሉ ፈትላ፣ ሸምና፣ እናቷን ደስ ይበላት ብላ ዘረጋችላት። ማክሱን ጨርቁን በመዳፏ ዳበሰችና እዚያው ፊቷ ትተረትረው ጀመር።

«ስንት ቀን ለፋሁበት!» ብላ ጮኸች ጉምሂ።

«ልፋትሽን ማን ይለብሰዋል? ሰው የሚለብሰው ጨርቁን ነው።»

በዚያ ዘመን ታልሱ የጥንት መጻሕፍት ይማር ስለነበር፣ ያወቀ መስሎት ጣልቃ ገባ። «ተያት እንጂ፣ እህቴ። መጣር የሰው ነው፣ ፍጻሜው የሰማይ።»

«ሰማይ መቼ ሸምኖ ያውቃል?» አለችው ማክሱን ቀና እንኳ ሳትል። የነበረው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጉምሂ ብቻ አልሳቀችም። ስታድግ ቴጉ ከተማ ሄዳ ምግብ ቤት ተቀጠረች፤ ዳግመኛ ቃጫ አልነካችም። ለበዓል ስትመጣም እናትና ልጅ ስለ ዝናቡ ያወራሉ እንጂ ስለ ሽመና አይነሳም።

እናቷ ነፍስ ቢኖራት ይህን ጨርቅ ራሷ ነበረች የምትተረትረው። ጉምሂ ይህን አስባ እጇን ወደ ተገዛው መግነዝ ስትሰድ፣ ከማክሱን ጋር ጎን ለጎን ስትሸምን የኖረችው ጎረቤት፣ የቾልጉ እናት፣ የሾርባ ጭልፋ እንደያዘች ገባች።

«ምን ልታደርጊ ነው፣ ልጄ?»

«የተገዛውን ላለብሳት ነው፣ እትዬ። ይሄን እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው መሰል የሠራችው፣ ተበላሽቷል።»

«የማክሱን እጅ? የማክሱን እጅ እስከ መጨረሻው አልተንቀጠቀጠም! ማጉን ዳብሺው እስቲ።»

ጉምሂ ዳበሰች። ቋጠሮዎቹ ጥቃቅን፣ ድርብርብ ናቸው። ሁሉም ወደ ግራ ተስበዋል። እንዲህ የሚቋጥር ግራኝ ብቻ ነው፤ በዚያ ቤት ደግሞ ከአንድ ልጅ በቀር ግራኝ ኖሮ አያውቅም። የራሷ የልጅነት ክር ነው።

«ተርትራ የጣለችው መስሎሽ ነበር?» አለች የቾልጉ እናት። «ክሩን ማሰሮ ውስጥ ነበር የምታኖረው። ብል እንዳይበላው በየዓመቱ ፀሐይ ታሰጣዋለች። ምን ያደርግልሻል ስላት፣ ‹ለሌላ ሰው አይሆንም፣ ለእኔ ነው የሚሆነው› ትለኛለች።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?»

«ማን፣ እሷ? ለእሷ አንድ ደግ ቃል ከመናገር አንድ ጣቃ መሸመን ይቀላት ነበር።»

ጉምሂ ጨርቁን ፊቷ ላይ ጭና፣ የተዘጋው ድምጿ ተከፍቶ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

«ይሁን። ግን ቋጠሮው መንገድ ላይ ቢይዛትስ?» አለ ታልሱ፤ አሁን ድምፁ የቁጣ አልነበረም።

«እያወቀች አይደል የሸመነችው? መያዙን ፈልጋው ይሆናላ» አለችው የቾልጉ እናት።

ታልሱ የተገዛውን መግነዝ አጣጥፎ ወደ ሳጥኑ መለሰው።

ጉምሂ ከመጋረጃው ወዲያ ገብታ ከእናቷ ራስጌ ተቀመጠችና የቀረውን እጅጌ መስፋት ጀመረች። ከግቢው የካርታ ተጫዋቾቹ ሳቅ ይሰማል። መርፌው ዳር ሲደርስ ግራ እጇ እንደ ልማዱ ክሩን ጠምዝዞ ሊቋጥር ነበር። ቆም አለች። የእናቷን ፊት አየች። ከዚያ ቀለበቱን ቀስ ብላ ፈታችው፤ ጎንበስ አለችና ክሩን ሳትቋጥር በጥርሷ በጠሰችው።