ሰባተኛው ወንበር

አለቃችን ጠዋት ገብቶ፣ «ሥራ ጠፍቷል። ከሰባታችሁ አንዷን ብቻ ነው የማስቀረው» አለን። አድልዎ እንዳይባል ማታ በቆጠራ ይለያል። የስፌት መኪኖቻችን በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ክብ ሠርተው ነው የቆሙት። ከበሩ አጠገብ ካለችው ጀምሮ አንዷን እየዘለለ ቀጣይዋን ያስነሳል፤ አንዲት እስክትቀር ይዞራል።

ሌሎቹ ዕጣ ነው ብለው ፈጣሪን ይለምናሉ። እኔ ግን ነገር ካልገባኝ ዕረፍት የለኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ሰባት የሸሚዝ ቁልፎች በክብ ደርድሬ እየዘለልኩ አነሳሁ። ሰባተኛው ቀረ። ደገምኩት፤ ያው ሰባተኛው። ምን ዕጣ አለው ይሄ!

ከበሩ ሲቆጠር ሰባተኛው ወንበር የኔ ነው። ስድስተኛው ላይ ታናሽ እህቴ አለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ያለዚህ መኪና ምንም የላትም። የኔው ባል ሰነፍ ቢሆንም ደመወዝ አያጣም።

«ቦታ እንቀያየር» አልኳት በጆሮዋ።

«ደግሞ ለምን?»

«አንዳንዴ እንኳ ታላቅሽን ስሚ!»

እየተነጫነጨች ተቀየረች።

ማታ አለቃችን ሊጀምር ሲል፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ያሉት፣ በዕድሜ ሁላችንን የሚበልጡት እማማ ተነሡ። «እኔስ ዓይኔም ደክሟል። ለልጆቹ ይሁን፤ እኔን አትቁጠረኝ» ብለው ወጡ። ሴቶቹ አለቀሱላቸው። እኔ ግን ክው አልኩ። በልቤ ቆጠርኩት፤ ስድስት ከሆንን የሚቀረው አምስተኛው ነው፤ ሦስተኛው ወንበር ስለጎደለ አምስተኛዋ ደግሞ አሁን እኔ ነኝ። ልናገር ብል፣ ምን ብዬ?

«አንቺ ቁጭ በይ። አንቺ ተነሺ።» ጣቱ ዞሮ ዞሮ እኔን ዘለለኝና እህቴ ላይ አረፈ። በመጨረሻ ብቻዬን ቀረሁ።

«ለሷ ይሁን! እሷ ትቅር!» ብዬ ጮኽኩ።

«ዕጣ ዕጣ ነው» አለ አለቃው። ሌሎቹም፣ መስጠት ከተቻለ ለእኛስ ብለው ተንጫጩ።

እህቴ መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እኔ የተቀመጥኩበትን፣ ጠዋት የሷ የነበረውን ወንበር አየችው።

«ምሳ ሰዓት ላይ በቁልፍ ስትቆጥሪ አይቼሻለሁ» አለችኝ።

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው! በሞትኩት! እማማ ባይነሡ ኖሮ…»

«ይሁን። ልጄ ሲያድግ፣ አክስትህ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነበረች እለዋለሁ» አለችና ሆዷን ደግፋ ወጣች።